ልብ ሲደነቃቀፍ፦ በመካከላችን ይበልጥ የተጋለጠው ማን ነው?

 

በዚህ በእኛ ምድር፣ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር፣ ልቡ ድው ድው ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቡናን ነው። «ትናንት አራተኛ ስኒ ባልደግም ኖሮ» ይላል። ቡና ያልጠጣ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ይመጣል፤ «መንፈስ ነው» ይባላል። እኛ በቤተ ክርስቲያናችን የሕሙማን ጥየቃ አገልግሎት ውስጥ ያለን አምስት ሰዎች ነን። ከመካከላችን አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ መምህር ነው፣ የቀረነው ቡናና ኮረሪማ የምንሸጥ ነን። በአማን፣ በሸኮና በበበቃ መንገድ፣ እስከ ቴፒም ድረስ ቤት ለቤት ስንዞር ልባቸው የሚደነቃቀፍባቸው ብዙ ሰዎች አግኝተናል። ቡናም መንፈስም በሌለበት ቤት ሕመሙ ነበረ። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ሕመም፣ ማንን ይበልጥ እንደሚያጠቃና ጉባኤ ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ እንነጋገር።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» ይሉታል። በቀላል አማርኛ የልብ ምት መዛባት ነው፤ ምት የሚያዛቡ ሕመሞች ብዙ ናቸው፣ ይህኛው ግን በጣም የተለመደና መዘዙም ከባድ የሆነ ነው።

ጤነኛ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ሁለቱ የላይኛው ክፍሎች ቀድመው ይጨመቃሉ፣ ታችኞቹ ይከተላሉ። መሪውን እያየ እንደሚዘምር የመዘምራን ቡድን ነው። በዚህ ሕመም ግን የላይኛው ክፍሎች ሥርዓታቸውን ያጡና በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ይርገፈገፋሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ በቅጡ አይጨመቁም። ታችኞቹ ክፍሎች ከዚያ ሁከት የደረሳቸውን ይዘው አንዴ ፈጥነው፣ አንዴ ዘግይተው ይመታሉ። ሰውየው ልቡ ሲዘል፣ ሲደክመው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ራሱን ሲያዞረው ይሰማዋል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሰማውም፤ አደገኛው ነገር ይህ ነው።

ዋናው መዘዝ ድካሙ አይደለም። የማይጨመቅ ክፍል ውስጥ ደም ይቆማል፣ የቆመ ደም ይረጋል። በተለይ ከግራው የላይኛው ክፍል ጎን ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ የረጋ ደም አንድ ቀን ተፈንቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ የሚመጣው ስትሮክ ነው፦ አፍ ይጣመማል፣ አንድ ወገን ይሰንፋል፣ ንግግር ይጠፋል።

በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ሐኪሞች ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዋሪዎችን ልብ ሲከታተሉ ኖረዋል። በ1978 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው ይህ የምት መዛባት ያለበት ሰው ለስትሮክ ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። የልቡ በር በሩማቲክ በሽታ ተጎድቶ ምቱ የተዛባበት ሰው ግን ተጋላጭነቱ 17 እጥፍ ነው። ይህን 17 የሚል ቁጥር አስታውሱት፤ የእኛን አገር ልጆች በቀጥታ የሚነካ ነውና።

በሌላው ዓለም የሽማግሌዎች ሕመም ነው

በዓለም ላይ ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖር ይገመታል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የታማሚው ሥዕል ይታወቃል፦ ዕድሜው ከ65 ያለፈ፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ሰውነቱ የከበደ፣ ምናልባትም ስኳር ያለበት፣ በእንቅልፉ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ አልኮል የሚያዘወትር፣ ወይም ልቡ ቀድሞ የደከመ ሰው ነው። ዕድሜ ከሁሉ የጠነከረ ምክንያት ነው፤ ሽበት ሲጨምር ሕመሙም ይጨምራል።

እነዚህ ምክንያቶች በእኛም ዘንድ አሉ። በተለይ ደም ግፊት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉት መካከል 1.28 ቢሊዮን ሰዎች ግፊት አለባቸው፤ ከእነርሱም ግማሽ የሚጠጉት ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም። በጉባኤያችን የፊት ወንበር ላይ ከሚቀመጡት አባቶችና እናቶች ስንቶቹ ናቸው ተለክተው የሚያውቁት? ግፊት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የልብን ግድግዳ ያወፍራል፣ የላይኛውን ክፍል ይለጥጣል፤ የተለጠጠው ክፍል በመጨረሻ ምቱን ይስታል።

በእኛ አገር ግን ወጣቶችን ያገኛል

በጥየቃ አገልግሎታችን ልባችንን የሰበረው ይህ ነው። ትንፋሽ አጥሯት በትራስ ተደግፋ የምናገኛት ብዙ ጊዜ አያት አይደለችም። የሃያ፣ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ አጠገቧ ሕፃን ተኝቷል።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ተሕዋስ ጉሮሮው ይታመማል። እኛ ቶንሲል እንለዋለን። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ይወጋል። ጉልበት ያብጣል፣ ነገ ደግሞ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚት ይዞራል፤ ትኩሳት አለው። ቤተሰብ «ብርድ መትቶት ነው» ይልና ቅቤ ያሸዋል። እብጠቱ ይጠፋል። ልብ ላይ የተተወው ጠባሳ ግን አይጠፋም፤ በሽታው በተደጋገመ ቁጥር የልብ በሮች ይወፍራሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ይጠባሉ። ደም በጠበበው በር ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ይከማቻል፣ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ይዛባል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ማለት ይህ ነው።

ከእኛ ብዙ በማይርቀው በጅማ ዙሪያ ገጠር፣ ከ6 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ልጆችና ወጣቶች ልባቸው በአልትራሳውንድ ታይቶ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ከሺህ ወደ 37 የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳየ። አብዛኞቹ በሜዳ የሚሮጡ፣ ምንም የማያውቁ ልጆች ናቸው። ሌላ ትልቅ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን 3,343 ሩማቲክ የልብ ታማሚዎችን መዝግቧል። የታማሚዎቹ ዕድሜ አማካይ ነጥብ 28 ዓመት ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ምታቸው ተዛብቶ ነበር። ደም ማቅጠኛ ይወስዱ ከነበሩትና ከተለኩት መካከል ልኬታቸው ትክክል ሆኖ የተገኘው ሲሶ እንኳ አይሞሉም።

ሴቶች ላይ የሚጸናበት አንዱ ምክንያት እርግዝና ነው። በእርግዝና የሴት ደም መጠን ግማሽ ሊሞላ እስኪቀርብ ይጨምራል። ጠባብ በር ያላት ልብ ይህን ጎርፍ መሸከም ይከብዳታል። ስለዚህ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ሕመም በስድስተኛው ወር ወይም በአራስ ቤት ይገለጣል። ሰዎችም «ሕፃኑ ሲወለድ ዐይን አገኛት» ይላሉ።

ሌሎቹ የተጋለጡ፣ ነጻ የሚወጣውም ተከሳሽ

እንቅርት ያለባቸውን አንርሳ። በአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንቅርት በአገራችን ደጋና ጫካ አካባቢዎች የቆየ ችግር ነው፤ መንግሥት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በ2011 እ.ኤ.አ. በደንብ ያስገደደውም ስለዚህ ነው። ለዓመታት የቆየ እንቅርት አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ መሥራት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይጋልባል፤ ምቱም ሊዛባ ይችላል። ይህ በደም ምርመራ የሚታወቅና የሚታከም ነው። አንገቷ ላይ እብጠት ያላት እናት በድንገት ከከሳችና ልቧ ከደነገጠ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፏት።

አረቄና ጠጅ፣ ቦርዴም ሲበዛ፣ ይህን ሕመም ይጠራሉ። በዓል ሲውል አብዝቶ ጠጥቶ ልቡ የሚዛባበት ሰው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ጫትም ግፊትንና የልብ ፍጥነትን ከፍ ያደርጋል። በቤታችን መጠጥ የለም የምንል ብንሆንም፣ ገና ወደ ጌታ የሚመጡ ጎረቤቶቻችንና የሥጋ ዘመዶቻችን ይህን በፍቅር መስማት አለባቸው።

ቡናስ? ቡና ከችሎት ነጻ ይውጣ! ብዙ ሕዝብ ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች በመጠኑ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በዚህ ሕመም ይበልጥ እንደሚያዙ አላገኙም። እንዲያውም በ2025 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ምታቸው ተዛብቶ በሕክምና የተስተካከለላቸው 200 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በቀን ቢያንስ አንድ ስኒ ቡና እንዲጠጡ፣ ግማሾቹ እንዲተዉ ተደረገ። በስድስት ወር ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ከጠጪዎቹ 47 በመቶ፣ ከተዉት 64 በመቶ ነበሩ። ይህ ማለት ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ቡና ሲጠጣ ልቡ የሚረበሽበት ሰው ይቀንስ። ነገር ግን ለሦስት ዓመት ቡና ትታ «አሁንስ ለምን ልቤ ይደነቃቀፋል?» ያለችን እናት የሚያስፈልጋት የልብ ምርመራ ነበር። በቡና ላይ ስንፈርድ እውነተኛው ጠላት በጓሮ በር ይገባል።

በእምነት ስም መድኃኒት መጣል

አሁን ይህን እንድንጽፍ ወዳስገደደን ጉዳይ እንግባ።

ከቴፒ ወገን የመጣች፣ በመዘምራን መካከል የምታገለግል አንዲት ወጣት እህት አለችን። በልጅነቷ መገጣጠሚያዋ እየዞረ ያብጥ ነበር። ሕመሟ የታወቀው የበኩር ልጇን በወለደች በሁለተኛው ሳምንት፣ ተኝታ መተንፈስ ሲያቅታት ነው። የልብ በሯ ጠቦ ምቷም ተዛብቶ ተገኘ። በየወሩ የምትወጋው ፔኒሲሊንና በየማታው የምትውጠው ደም ማቅጠኛ ታዘዘላት። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ እየተከታተለች ቆየች፤ ልጇንም ይዛ ወደ ልምምድ ትመጣ ነበር።

አንድ ቀን ከሌላ ስፍራ የመጣ ጸላይ በአንድ የጸሎት ቤት ጸለየላት። ጸሎቱን እኛም በደስታ አሜን በምንለው ነበር። ሰውየው ግን አክሎ መድኃኒቱን መዋጥ የእምነት ማነስ ነው አላት። እርሷም ስለ ጌታ ፍቅር ብላ ተወችው። ለሁለት ወር ያህል ደኅና ነበረች፤ «አየህ፣ አየሽ» ተባለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቡና እየቆላች ሳለ መቁያው ከእጇ ወደቀ። ባሏ ሲጠራት አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣምሞ ነበር፤ መልስ ልትሰጠው ፈለገች፣ ቃል አልወጣም።

እኛ ሆስፒታል ስንደርስ እናቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። «ልጆቼ፣» አሉን፣ «እግዚአብሔር ተቆጥቶን ነው? እምነቷ ስላነሰ ነው?»

«እማማ፣ አይደለም» አልናቸው። «ልጅዎ እምነት አላነሳትም። የረጋ ደም ነው፤ ደሙ እንዳይረጋ የሚከለክለው ኪኒን ስለተቋረጠ ነው። ጌታ አልተቆጣትም፤ አሁንም እዚህ ከእርሷ ጋር ነው።»

እህታችን በሕይወት አለች። ንግግሯ ቀስ በቀስ ተመልሷል፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አይታዘዛትም። ልጇን የምትታቀፈው በግራ ነው። መድኃኒቷን ዳግም ጀምራለች።

ወገኖች ሆይ፣ እኛ ጌታ እንደሚፈውስ እናምናለን። ፈውሱን በዐይናችን አይተናል፤ ለሕሙማን መጸለይንም አናቆምም። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ጸሎትንና መድኃኒትን አያጣላቸውም። ንጉሥ ሕዝቅያስ እስከ ሞት ታሞ ሲጸልይ እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው ተነገረው፤ ያው ነቢይ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20)። ተስፋው ከሰማይ መጣ፣ ልጥፉ ከገበያ። ጳውሎስ ድንቅ በእጁ የሚደረግ ሐዋርያ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ለሚታመመው ለልጁ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ የሰጠው ምክር በዘመኑ መድኃኒት የነበረ ነገር ነው (1ኛ ጢሞቴዎስ 5)፤ እምነትህ አነሰ ብሎ አልወቀሰውም። ከጳውሎስ ጋር እስከ መጨረሻ የቆየው የተወደደው ሉቃስም ሐኪም ነበረ (ቆላስይስ 4)። ጌታችን ለምጻሞችን ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ላካቸው፣ እነርሱም ሲሄዱ ነጹ (ሉቃስ 17)፤ ፈውስ ምርመራን አልፈራም።

ስለዚህ አንድ ቀላል ደንብ አለን። ጌታ ከፈወሰ ምርመራው ያሳየዋል፤ መድኃኒቱንም የሚያቆመው ያዘዘው ሐኪም ነው። እስከዚያ ድረስ ኪኒኑ በአንድ እጅ፣ ምስጋናው በሌላው እጅ ይሁን። እውነተኛ ፈውስ በኢኮ ምርመራ ፊት አያፍርም።

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት

ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ይባላል። በገበያ «የአይጥ መርዝ ነው» የሚል ወሬ አለ። ወሬው ግማሽ እውነት ነው፤ ታሪኩም ደስ ይላል። በሰሜን አሜሪካ በ1920ዎቹ ሻጋታ የነካው ጣፋጭ ማገጦ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ይሞቱ ነበር። በ1933 አንድ ገበሬ ከሞተች ጊደር ጋር ያልረጋ ደም በጣሳ ይዞ በበረዶ መካከል ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያ ካርል ሊንክ የተባለ ተመራማሪ ከቡድኑ ጋር ዓመታት ፈጅቶ ምክንያቱን አገኘ። ከዚያ የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ዋለ፤ በ1954 ደግሞ በመጠኑ ተለክቶ ለሰው ተፈቀደ። ከብት የገደለው ነገር ስንቱን እናት ከስትሮክ አዳነ!

በሩማቲክ የልብ ሕመም ምታቸው ለተዛባባቸው ይህ አሮጌ መድኃኒት ዛሬም ይመረጣል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ ታማሚዎችን የያዘ ጥናት ከአዲሱ ኪኒን ይልቅ በእነዚህ አሮጌ መድኃኒቶች የታከሙት ሞት ያነሰባቸው መሆኑን አሳይቷል። ችግሩ መጠኑ በየጊዜው በደም ምርመራ መለካት አለበት፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ይፈሳል። ከሐኪም ሳይጠይቁ የሕመም ማስታገሻ ወይም የአበሻ መድኃኒት መጨመር አደጋ አለው። ጎመንም መድኃኒቱን ያዳክማል፤ ጎመን ግን ይተው አይባልም። በእኛ ቤት ጎመን ከቆጮና ከጎደሬ ጋር የዕለት እንጀራ ነው። ምስጢሩ በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን መብላት ነው፤ አንድ ሳምንት ምንም፣ ሌላ ሳምንት ሞልቶ የተረፈ እንዳይሆን። ለማርገዝ የምታስብ እህት ደግሞ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ መድኃኒቱ ለፅንስ ሊጎዳ ይችላልና። በጾም ጸሎት ጊዜም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ጌታ ኪኒን በውኃ በመዋጥ ጾማችንን አይሽርም።

ጉባኤ ምን ያድርግ?

በማርቆስ 2 ላይ አንድን ሽባ አራት ሰዎች ተሸክመው ሲያመጡት እናነባለን። ጣራ እስኪያፈርሱ ድረስ አልተመለሱም፤ ኢየሱስም የተመለከተው የእነርሱን እምነት ነው። ሕሙማን በራሳቸው እግር የማይደርሱበት ቦታ አለ፤ ከሚዛን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጅማም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እምነታችን ትከሻ ያለው ይሁን። እኛ የጀመርናቸውና እናንተም ልትጀምሩ የምትችሏቸው እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ የእጅ ምት መንካት ተማሩ። ሁለት ጣት ከአውራ ጣት ሥር በእጅ አንጓ ላይ አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ምቱ እንደ ከበሮ እኩል ከሆነ መልካም፤ ሥርዓት በሌለው መንገድ የሚዘል፣ የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ሂዱና በኢሲጂ ይታይ።

ሁለተኛ፣ በወር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግፊት ይለካ። በየጉባኤው አንድ የጤና ባለሙያ አይጠፋም። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ቁጥሩን ይወቅ።

ሦስተኛ፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች ሆይ፣ ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት ያለውን ልጅ አስተውሉ። ሕመሙ ከጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ በትክክለኛው መድኃኒት የታከመ ቶንሲል ልብን አይጎዳም። እንጥል ማስቆረጥ ግን ተሕዋሱን አይገድልም፤ ልጁን ለደም መፍሰስና ለቁስል ይዳርጋል።

አራተኛ፣ ፔኒሲሊን ለሚወጉ ሰዎች ጓደኛ መድቡ። መርፌው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ለብዙ ዓመታት፣ በጤና ተቋም የሚሰጥ ነው። ያማል፣ ይሰለቻል። የቡና ለቀማ ሲደርስ «ከለቀማ በኋላ» ይባላል፤ ዝናብ ሲጸና መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ቀኑን የሚያስታውስ፣ አብሮ የሚሄድ፣ የሞተር ኪራይ የሚያግዝ አንድ ወንድም ወይም እህት ይኑር። የእኛ ቡድን ለዚህ የሚሆን ትንሽ ሣጥን አለው፤ አንዳንዶች ብር፣ አንዳንዶች አንድ ኪሎ ቡና ይጨምሩበታል።

አምስተኛ፣ የልብ በራቸው በጣም ለተጎዳ ልጆች መንገድ አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጅማሬ የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል። ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ሪፈራሉ ቶሎ ይውጣ፣ ስንቁ ቶሎ ይሰብሰብ።

ስድስተኛ፣ አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል ወይም ንግግር ሲንተባተብ ካያችሁ አትጠብቁ። እየጸለያችሁ መኪና ጥሩ! ሰዓት የሚፈጅ ጸሎት በመንገድ ላይም ይጸለያል።

ለሚያነብ ሁሉ

ጠቢቡ ከሁሉ አስበልጠን ልባችንን እንድንጠብቅ ያሳሰበው (ምሳሌ 4፥23) ስለ ውስጣዊው ሰው ነው። የሥጋ ልብ ግን ያንን የውስጥ ሰው የተሸከመች፣ በጌታ እጅ የተሠራች ማደሪያ ናት። የተዛባች ልብ የተረገመች ልብ አይደለችም። ይህን የምታነቢ፣ ማታ ማታ የራስሽን ምት እየሰማሽ የምትፈሪ እህት፣ ኃጢአትሽ አላመጣብሽም፤ እምነትሽም አላነሰም። ነገ ጠዋት ታዪ። ፍርሃቱንም ለብቻሽ አትሸከሚው፤ የፈጠረሽ እያንዳንዱን ምት ያውቃል፤ በአቅራቢያሽ ያለ ጉባኤም በር አለው፣ አንኳኪ።

ጌታን ገና የምትፈልግ ወንድምም፣ እግዚአብሔር ከታመመ ሰው ይሸሻል ብለው ከነገሩህ አትመን። ኢየሱስ በምድር ሲመላለስ ጊዜውን ከበሽተኞች ጋር አሳልፏል፤ ሊነካቸውም አልተጸየፈም።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ በዚህ በቡና ምድር በትራስ ተደግፈው የሚያድሩትን ሁሉ አስብ። ጉሮሯቸው ለታመመ ልጆች አስተዋይ ወላጅ፣ ለሐኪሞችና ለነርሶች ትዕግሥት፣ ለአገልጋዮችህ ደግሞ ከፍቅር ጋር ጥበብን ስጥ። የምንጸልይ አፍ ብቻ ሳንሆን የሚሸከም ትከሻ አድርገን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

በሳምንቱ ለማሰላሰል

1. በጉባኤያችሁ በወር አንድ ጊዜ መርፌ የሚወጋ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ታውቃላችሁ? ቀጣዩ ቀጠሮው መቼ ነው?

2. የራሳችሁን የደም ግፊት ቁጥር ታውቃላችሁ?

3. 2ኛ ነገሥት 20ን በኅብረት አንብቡ። እግዚአብሔር ፈውስን ከተናገረ በኋላ በለሱ ለምን ያስፈለገ ይመስላችኋል?

ጌታ ይባርካችሁ።